ስላይዱን ሌላ ሐኪም ይየው

«ጋሼ፣ ኔጋቲቭ ነው ይላል። እንግዲህ ቲቢ አይደለም ማለት ነዋ?»

ስልኩን አቀበለኝ። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ውስጥ፣ ከሜዲሲን ሐይቅ ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት ነው። ሚስቱ ቡና ታፈላለች፤ እሱ ለሌሊት ፈረቃ ለባብሶ ተዘጋጅቷል። ከወራት በፊት በአንገቱ ግራ በኩል ንፍፊት ወጣበት። አያመውም፣ አያተኩሰውም፤ ግን አልጠፋ አለ። ቀዶ ሐኪሙ ካንሰር እንዳይሆን ብሎ አወጣውና ወደ ፓቶሎጂ ላከው። ውጤቱ ሐኪሙ ሳይደውል በስልኩ መጣ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለታካሚው እንዲደርስ ያዛል። ሕጉ ጥሩ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ግን እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያነቡት ብቻቸውን፣ በሰው ቋንቋ፣ ከሥራ መልስ ነው።

ካንሰር እንዳልሆነ ተጽፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በታች ሦስት መስመር አለ። ግራኑሎማ ታይቷል። ለቲቢ ዓይነት ባክቴሪያና ለፈንገስ የተደረጉት የቀለም ምርመራዎች ኔጋቲቭ ናቸው። ሳርኮይዶሲስ ሊሆን እንደሚችል ይታሰብ። እሱ ከሦስቱ ያነበበው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ ያነበበውም በእፎይታ ነው። አጎቱ ቲቢ ታሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ዘመን ከተማ እንደታከመ፣ እሱም ያኔ አብሮት ይኖር እንደነበር ለቀዶ ሐኪሙ አልነገረም። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም የዚያን በሽታ ስም ማንሣት አልፈለገም።

ግራኑሎማ የበሽታ ስም አይደለም። ሰውነት ሊያጠፋው ያልቻለውን ነገር የመከላከያ ሴሎች ከብበው ሲይዙት የሚፈጠር ጉብታ ነው። የተከበበው የቲቢ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ፈንገስ፣ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ፣ ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ፣ ወይም የሌይሽማኒያ ጥገኛ ተሕዋስም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ጀርም የለም። መንሥኤው በውል ያልታወቀው ሳርኮይዶሲስም ይህንኑ ጉብታ ይሠራል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለሳርኮይዶሲስ በብዛት የሚሰጠው ፕሬድኒሶን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ጉብታው ውስጥ ያለው ቲቢ ከሆነ ከበባውን ማላላት ነው። በሌላ በኩል ቲቢ የሌለበትን ሰው ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ማስዋጥም ጉበት ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እንግዲህ ሁሉም የሚወሰነው አንድ ሰው አንድ የመስታወት ስላይድ ላይ ባየው ነገር ነው።

ይህን ያህል የሚጫንበት ንባብ እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት ወደ አንድ ወዳጄ ሄድኩ። ኢትዮጵያዊ ፓቶሎጂስት ነው፤ የአገሩንም የዚህንም በሽታ ያውቃል። ሁለት ሰው አብሮ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለው። ለማስተማሪያ ካስቀመጣቸው ስላይዶች አንዱን አወጣ። በመጀመሪያ በትንሹ ሌንስ አሳየኝ፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ከዚያ ስላይዱ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት አድርጎ አንድ ሺህ ጊዜ የሚያጎላውን ሌንስ አመጣ። አሁን የምናየው ቦታ ከመርፌ ጫፍ ያንሳል። ማዞሪያውን በጣቱ ጫፍ እየነካ መስክ በመስክ መሄድ ጀመረ። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ የሞተ ሴል ፍርስራሽ፣ ሰማያዊ። ብዙ ከቆየን በኋላ «እዚህ» አለኝ። ትንሽ ጎበጥ ያለች፣ ቀይ፣ ከፀጉር የቀጠነች ሰረዝ፤ የቲቢ ባክቴሪያ። ባላሳየኝ ኖሮ የቀለም ጭረት ናት ብዬ አልፋት ነበር።

ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ዚልና ኒልሰን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ባክቴሪያው የሚቀባበትን አሠራር አሻሻሉት፤ ስማቸው እስከ ዛሬ የቀለሙ መጠሪያ ነው። ቀይ ቀለም ይፈስሳል፤ ከዚያ አሲድ ያለበት አልኮል ይፈስስበታል። የሰው ሴል ቀዩን ይለቃል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም የመሰለ ግድግዳ ስላለው አይለቅም። ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ሲቀባ እሱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ችግሩ ብዛት ላይ ነው። በአክታ ውስጥ እንኳ ባክቴሪያው በዚህ ቀለም እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ያህል መኖር አለበት። ንፍፊት ውስጥ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ስላይዱ ላይ የሚቀመጠው የሥጋ ቅርፊት ውፍረቱ 4 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ የባክቴሪያዋ ርዝመት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው። ከአንድ ኩንታል ጤፍ አንድ እፍኝ አንሥቶ እንክርዳድ የለውም እንደማለት ነው። «ኔጋቲቭ» የሚለው ቃል የሚናገረው በዚህች ቅርፊት ላይ አላየሁም የሚለውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ አስተያየት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቷል የሚል ክስ ነው። አይደለም። አንድ የከተማ ፓቶሎጂስት በቀን ውስጥ ጡት ያያል፣ አንጀት ያያል፣ ቆዳ ያያል፣ የማሕፀን ጫፍ ያያል፤ ከሁሉም በላይ ካንሰር እንዳያመልጠው ይጠነቀቃል። ለዚህ ሰው የተጻፈው የምርመራ መጠየቂያ «የአንገት እብጠት፣ ሊምፎማ እንዳይሆን» ይል ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። ሐኪሙ የተጠየቀውን መለሰ፤ ሊምፎማ አይደለም። የት ተወለደ፣ ከማን ጋር አደገ፣ ጥሬ ወተት ይጠጣ ነበር ወይ፣ ቆላ ወርዶ ሠርቶ ያውቃል ወይ የሚለው አብሮ አልደረሰውም። በሥጋ ላይ የሚገኝን ኢንፌክሽን ብቻ የሚያነብ ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስላይድን ለሌላ ባለሙያ የማሳየት ታሪክ የቆየ ነው፤ ሚኒሶታም ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1905 ሳሙኤል ዳርሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በፓናማ ቦይ ሥራ ወቅት አንኮን ሆስፒታል ውስጥ ከማርቲኒክ የመጣ አናጢን አስከሬን መረመረ። ሳንባው በጉብታ ተሞልቶ ስለነበር ቲቢ ነው ብሎ ነበር የጀመረው። በማይክሮስኮፕ ሲያይ ግን በሴሎቹ ውስጥ ታጭቀው የነበሩት ክብ ነገሮች ናቸው፤ ካላአዛር የሚያመጣውን ሌይሽማኒያ ይመስላሉ። ዳርሊንግ አዲስ ጥገኛ ተሕዋስ አገኘሁ አለና በ1906 ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላተም ብሎ ሰየመው። በ1912 ሃምቡርግ የሚሠራው ብራዚላዊው ኤንሪኬ ዳ ሮቻ ሊማ ስላይዶቹን ከካላአዛር ስላይዶች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። የሌይሽማኒያ ተሕዋስ ከኑክሊየሱ አጠገብ ትንሽ በትር የመሰለች ነገር አለችው። የዳርሊንግ ተሕዋስ ግን የለችውም። ዳ ሮቻ ሊማ ይህ ጥገኛ ተሕዋስ ሳይሆን ፈንገስ ነው አለ፤ ትክክልም ነበር። ዳርሊንግ ጎበዝ ሐኪም ነበር፤ ሆኖም ለነገሩ እውነተኛ ስሙን ለመስጠት ሁለቱንም በሽታ የሚያውቅ ሌላ ሰው አስፈለገ።

ይህ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ፣ ሂስቶፕላዝሞሲስ፣ የሞቃት አገር ጣጣ ነው ተብሎ ለዓመታት ተቀመጠ። በ1926 ግን ዊልያም ራይሊና ሴሲል ዋትሰን ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ ሂስቶፕላዝሞሲስን እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ የያዘ ታማሚ ማግኘታቸውን የሚገልጽ። ራይሊ የነፍሳትና የጥገኛ ተሕዋስያን ምሁር ነው፤ ዋትሰን ገና ወጣት ሐኪም ነበር፣ ኋላ የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ስሙ የገነነ። ጽሑፉን ሳስበው የሚደንቀኝ የሁለቱ ስም አብሮ መኖሩ ነው። የአንዱ ሙያ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ለእኛ ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። ከአዲስ ዘመን ተነሥቶ ፕሊማውዝ የገባ ሰው በሰውነቱ የሁለት አገር አፈር ይዟል። ከዚያ በልጅነቱ የተነፈሰው ቲቢ ተኝቶ ለብዙ ዓመታት መቆየት ይችላል። ከዚህ ደግሞ፣ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሰሜን ሐይቆች ሲሄድ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር በበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ውስጥ የሚኖረው ብላስቶማይሲስ የተባለ ፈንገስ ሊያገኘው ይችላል። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ይህ ፈንገስ ከሚገኝባቸው የታወቁ ግዛቶች ናቸው። አዲስ አበባ የተማረ ሐኪም ብላስቶማይሲስን ላያስብ ይችላል፤ እዚህ የተማረ ደግሞ ካላአዛርን ላያስብ ይችላል። የሚኒሶታ የጤና መምሪያ በየዓመቱ እንደሚያሳየው አብዛኞቹ የቲቢ ታማሚዎች ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው፤ በትውልድ አገር ሲለዩም ሶማሊያና ኢትዮጵያ ከቀዳሚዎቹ ናቸው። ከሳንባ ውጭ ቲቢ አብዝቶ የሚገኘው ደግሞ ንፍፊት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ከሦስት የቲቢ ታማሚዎች የአንዱ ያህል በሽታ ከሳንባ ውጭ ነው። እንዲህ ባለ አገር የተወለደ ሰው ንፍፊቱ ላይ ግራኑሎማ ሲገኝ፣ በእኔ እምነት ቲቢ አለመሆኑ በጥንቃቄ ሳይጣራ ወደ ፕሬድኒሶን መሄድ አይገባም።

ፓቶሎጂስቶችም የራሳቸውን ሥራ ገምግመዋል። በስታንፎርድ የአሥር ዓመት ናሙናዎችን ወደ ኋላ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። በሥጋ ናሙና ላይ በዓይን የተለየውን ፈንገስ ላቦራቶሪ ውስጥ በካልቸር ከበቀለው ጋር አስተያዩ። ከ47 ናሙናዎች በ10ሩ ላይ በዓይን የተሰጠው ስም ከበቀለው ጋር አልገጠመም። ይህ በስታንፎርድ ነው፤ መሣሪያም ባለሙያም በሞላበት። ለፈንገስ የሚሰጠው መድኃኒት እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ከአምስት አንድ ገደማ ስሕተት ቀላል አይደለም።

ያን ማታ ለሰውየው የነገርኩት ስላይዱን ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ሐኪሙን ጠይቅ የሚል ነበር። ዝም አለ። «ደፈርከኝ ቢለኝስ?» አለ በመጨረሻ። ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ሐኪም የሚከበር ሰው ነው፤ «ሌላ ሰው ይየው» ማለት ፊት ለፊት አላምንህም እንደማለት ይሰማናል። መልሱን የሰጠችው ሚስቱ ናት፤ ሲኒውን እያቀረበች «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል እንዴ የሚባለው? ያየው ሰው ያየውን አይቷል፤ ሌላም ይጨመርበት» አለች። ከዚያ ስለ አጎቱም ለሐኪሙ እንዲነግረው አዘዘችው። አዘዘችው ማለት ይሻላል፤ ልመና አልነበረም።

ሐኪሙ አልተቆጣም። እንዲያውም ጥያቄው ደስ ያለው መሰለኝ፤ ስለ አጎቱ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ናሙናው የተቀበረበት የሰም ብሎክ ወደ ሌላ ከተማ፣ ኢንፌክሽን ብቻ ወደሚያነብ ፓቶሎጂስት ተላከ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ ናሙና ግን ከሩቅ ይቀበላሉ። ከመንትዮቹ ከተሞች፣ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል፣ በስተደቡብ በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ የሆነችው ሮቸስተር ውስጥ ያለው ማዮ ክሊኒክ ከመላው አገሪቱ ናሙና ይመጣለታል። ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከሥጋ ናሙና የባክቴሪያና የፈንገስ ዲኤንኤ ፈልጎ በማንበብ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። አትላንታ ያለው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተቋቋመ የፓቶሎጂ ክፍል አለው። ለዓመታት የመሩት አሌክሳንድሪያ የተወለዱት ግብፃዊው ዶክተር ሸሪፍ ዛኪ ነበሩ፤ በ2021 አረፉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ወጣቶችን ድንገት እየገደለ የነበረው በሽታ ሐንታ ቫይረስ መሆኑን ከሟቾች ሥጋ ላይ ካሳዩት መካከል ነበሩ። ሟቹ ያልተናገረውን ሥጋው እንዲናገር ማድረግ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው።

የሁለተኛዋ ፓቶሎጂስት ጥያቄ ከስላይዱ በፊት ደረሰ፤ የት ተወለደ? አዲስ ዘመን የሚለው መልስ ሲደርሳት ካላአዛርንም አሰበች። ትክክል ናት። አዲስ ዘመን የሊቦ ከምከም ከተማ ናት፤ ሊቦ ከምከም ደግሞ ካላአዛር ከቆላ ወጥቶ ደጋ ላይ የታየባት ወረዳ ናት። በሽታው እዚያ ሰው መግደል ሲጀምር መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላአዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሰውየው ያን ጊዜ ያስታውሰዋል፤ የጎረቤት ልጆች ሆዳቸው እያበጠ፣ የወባ መድኃኒት እየዋጡ፣ እየባሰባቸው። እዚያ የጎደለው ጉብዝና አልነበረም፤ በሽታው ደጋ ላይ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥርና የሚያረጋግጥ ሰው ነው።

አዲስ ቅርፊቶች ተቆረጡ። የሌይሽማኒያ ተሕዋስ የለም። በቀዩ ቀለም እንደገና ተፈለገ፤ አሁንም ኔጋቲቭ። ከአዲሶቹ ቅርፊቶች በአንዱ ጠርዝ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ያልነበረ ነገር ታየ፤ የግራኑሎማው መካከል ሞቶ እንደ አይብ ተፈርፍሯል። ይህ ቲቢን አጥብቆ የሚያስጠረጥር ምልክት ነው፤ ከሳርኮይዶሲስም የሚያርቅ። ከዚያው ብሎክ ተቆርጦ የተደረገው የፒሲአር ምርመራ የቲቢን ዲኤንኤ አገኘ። ሳርኮይዶሲስ የሚለው ግምት ከነፕሬድኒሶኑ ቀረ፤ ሰውየው የስድስት ወር የቲቢ ሕክምና ጀመረ። መድኃኒቱን በነፃ የሚያቀርበው የግዛቱ የጤና መምሪያ ነው።

ያልተስተካከለ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ንፍፊቱ የወጣ ዕለት ሙሉ በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ገብቷል። ፎርማሊን ሥጋ እንዳይበሰብስ ያደርጋል፤ ባክቴሪያንም ይገድላል። የሞተ ባክቴሪያ በካልቸር አይበቅልም፤ ካልበቀለ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት አሳድጎ መፈተን አይቻልም። ዲኤንኤውንም ፎርማሊን ስለሚሰባብረው፣ በሌላ ሰው ላይ ፒሲአሩ ራሱ ሊስተው ይችል ነበር። የትኛውም ጎበዝ አንባቢ ይህን ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ቀዶ ሐኪም ኢንፌክሽን ካሰበ ከናሙናው ከፊሉን በጨው ውሃ አድርጎ ለባክቴሪያ ላቦራቶሪ ይልካል፤ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «የተወለድኩት ኢትዮጵያ ነው፤ ከፊሉን ለቲቢና ለፈንገስ ካልቸር ላኩልኝ» ማለት ከማንኛውም ሁለተኛ አስተያየት ይቀድማል። ወንድሞቼና እህቶቼ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ነገሩ ይከብዳል። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና በ1970 ከጎኑ የቆመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌና በቲቢ ናሙና ንባብ የዳበረ ልምድ አላቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በካላአዛር ስሙ የታወቀ ማዕከል አለው። ጥቁር አንበሳ ፓቶሎጂስት ያሠለጥናል። ባለሙያዎቹ ግን ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያዩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ቦታ አንድ ፓቶሎጂስት ራሱ የመጀመሪያም የመጨረሻም አንባቢ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ብሎኩን በሻንጣ ይዞ ሕንድ ወይም ባንኮክ ይሄዳል። አቅም የሌለው ያለውን ውጤት ይዞ ይቀመጣል። የስላይድ ምስል በኢንተርኔት ልኮ ማማከር ዛሬ ስለሚቻል፣ እዚህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፓቶሎጂስቶች ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ባልደረቦቻቸው ጋር በቋሚነት ቢያነቡ ለወገን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላለው ሰው ግን መንገዱ ክፍት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ላቦራቶሪ የሰም ብሎክን ቢያንስ 2 ዓመት፣ ስላይድን ቢያንስ 10 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ባለፈው ዓመት «ግራኑሎማ» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ ዛሬም ሊከፈት ይችላል። የሚደወለው ናሙናውን ወደመረመረው የፓቶሎጂ ክፍል ነው፤ ብሎኩና ስላይዱ የት እንዲላክ እንደሚፈልጉ ተናግሮ ቅጽ መፈረም ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ መክፈሉን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። እንግሊዝኛ ካስቸገረ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። በቅጹ ላይ ስለ ታካሚው የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የትውልድ ቦታ፣ የአሜሪካ መግቢያ ዓመት፣ በቤተሰብ ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰውና የአሁኑ ሥራ ይገቡበታል።